«ቀጠለ» ስለሚለው ግሥ
(የቋንቋ ክበባችን በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት፥ በዓይናለም ያሰማው ንግግር)





የምንናገረው ስለ አንድ ግሥ ነው። ግሡም «ቀጠለ» የሚለው ነው። ለበዓል ቀን ይህ ምን ዐይነት ርእስ ነው የሚል ቢኖር አንቀየምም፤ እኛም ብንሆን አንድ ግሥ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያከራክረናል ብለን አላሰብንም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ይህ የመታሰቢያ መጽሔት ሲዘጋጅ፥ የትምህርት ቤታችንን ታሪክ ባጭሩ በእንግሊዝኛና በአማርኛ እንድንጽፍ ታዘዝን። እንግሊዝኛውን የያዙት ጓደኞቻችን ቀድመው ጨረሱ። ከጻፉትም ውስጥ አንዱ ዓረፍተ ነገር፥ ትምህርቱ በክፉውም በደጉም ዘመን «ዌንት ኦን» ይላል። እኛም ወደ አማርኛ መልሰን «ትምህርቱ በክፉውም በደጉም ዘመን ቀጠለ» ብለን ጻፍን። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ለጆሮም ያምራል። ነገር ግን በክበቡ ስብሰባ ላይ ሲነበብ አንዲት ጓደኛችን እጅዋን አንሥታ፥ «እኔ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሰባተኛ ክፍል ነበርሁ፤ ሰባተኛ ክፍልን እንደ ገና ስጀምር ታናሽ ወንድሜ በቁመት በልጦኝ ነበር። ታዲያ የቀጠለው የማን ትምህርት ነው?» ብላ ጠየቀችን። መልስ የሰጣት አልነበረም። ጸሐፊያችን ዓረፍተ ነገሩን በእርሳስ ከበበውና ወደ መዝገበ ቃላት ገባን።

መጀመሪያ ጥፋቱን በእንግሊዝኛው ላይ አሳበብን። «ጎ ኦን» የሚለው ከሁለት ትናንሽ ቃላት የተሠራ ነው፤ አንዱ «ሄደ» ማለት ነው፥ ሁለተኛው «ላይ» ማለት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን መሄድም ላይም ይረሳል። አንድ ጊዜ «ቀጠለ» ይሆናል፤ አንድ ጊዜ «ሆነ» ወይም «ተደረገ» ይሆናል። ሰው ሲያወራን አቋርጦ ዝም ቢል፥ እንግሊዞች «ጎ ኦን» ይሉታል፤ እኛ ግን «እሺ፥ ከዚያስ?» እንላለን። የሚያወራው ነገር የማይታመን ሲሆንም ያንኑ ቃል ድምፅ ለውጠው ይሉታል፤ የእኛው «ኧረ ባክህ!» ማለት ነው። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ የመብራቱ ነው። መብራት በራ ለማለት መብራቱ «ዌንት ኦን» ይላሉ። ከእኛ መካከል አንዱ ይህን በፈተና ወረቀቱ ላይ «መብራት ሄደ» ብሎ ተረጐመው። በአገራችን መብራት ሄደ ማለት ቤቱ ጨለመ ማለት እንደ ሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ተርጓሚው ዛሬ በመካከላችን ስለ ተቀመጠ ስሙን አንጠራም።

እንግሊዝኛው ግን ሌሎች ቃላት የሉትም ማለት አይደለም። «ኮንቲኒው» አለ፤ ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ አያይዞ መያዝ ማለት ነው። ሳይቆም ጊዜ ለፈጀ ነገር «ላስት» ይላሉ። ቆሞ የነበረ ነገር እንደ ገና ሲጀመር ደግሞ «ሪዚዩም» የሚባል የራሱ ቃል አለው። ለድርጊትም ቢሆን በድንገት ለሆነው «ሃፕን»፥ ታስቦና ተዘጋጅቶ ለሆነው «ቴክ ፕሌስ» ይሉለታል። «ሃፕን» የወጣው ዕድል ወይም አጋጣሚ ከሚል አሮጌ ቃል ነው። «ኦከር» የሚሉትም በላቲኑ ሮጦ መጋጠም ማለት ነው፤ ከእኛው «አጋጠመ» ጋር መንታ ይመስላል። እንግዲህ እንግሊዝኛውን የጻፉት ጓደኞቻችን ከእነዚህ ሁሉ መካከል መምረጥ ሲችሉ፥ ሁሉን የሚሸከመውን «ጎ ኦን»ን መርጠዋል። እኛም ያንኑ ሸክም ተቀብለን ወደ አማርኛ አሻገርነው።

አሁን ወደራሳችን ግሥ እንመለስ። «ቀጠለ» የሚለው በመጀመሪያ የእጅ ሥራ ቃል ነው። ከጉድጓድ ውኃ የሚቀዳ ሰው ገመዱ ቢያጥርበት ሌላ ገመድ ይቀጥልበታል። በዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚበቅለውን ባዕድ ተክል ተቀጥላ የምንለው ከዚሁ ነው። በቤታችን በምንናገረው በትግርኛ ቃሉ «ቀጸለ» ነው። ትግርኛው ጸ ያለበትን አማርኛው ብዙ ጊዜ ጠ ይለዋል፤ ጸጉሪ ጠጉር ይሆናል፥ ጽሕሚ ጢም ይሆናል፥ ጽላሎት ጥላ ይሆናል፥ ጾምን ጦም የሚሉ አሉ። የዓይናለም ልጅ ይህን ሥርዐት ካወቀ ብዙ የአማርኛ ቃል ሳይማር ያውቃል፤ ለመምህሮቻችን ይህን መናገር ያሳፍራል እንጂ እኛ ያወቅነው በዚህ ክርክር ምክንያት ነው።

የገመዱ ነገር ሲነሣ ክበባችን ለሁለት ተከፈለ። እኩሌቶቹ፥ «እንግዲያስ ቀጠለ የሚለው ልክ ነው! የሚቀጠለው የተበጠሰ ወይም ያጠረ ገመድ ነው፤ ትምህርታችን ተበጠሰ፥ ከዚያም ቀጠለ፤ ምን ስሕተት አለው?» አሉ። እኩሌቶቹ ደግሞ፥ «ዛሬ ሰው ቀጠለ ሲል ያልተበጠሰውን ነው የሚያስበው፤ ዝናሙ ቀጠለ ቢባል ዝናሙ አባርቶ ነበር ብሎ የሚያስብ ማን ነው?» አሉ። ሁለቱም እውነት ስለ ነበረ ክርክሩ እስከ ማታ ዘለቀ። በማግስቱ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ግሥ ወደ ተማሩት ወደ አንድ ጓደኛችን አያት ዘንድ ሄድን። በጥሞና ካዳመጡን በኋላ፥ «ልጆቼ፥ ቃሉ ምንም አላጠፋም፤ ቋጠሮውን የደበቃችሁት እናንተ ናችሁ» አሉን። አስረዱን ብንላቸው፥ የተቀጠለ ገመድ ቋጠሮው እንደሚታይ፥ በእጅም እንደሚዳሰስ፥ «ከተቋረጠበት ቀጠለ» ብንል ግን ቋጠሮው በቃሉ ላይ እንደሚቀር ነገሩን። ሻይ አጠጥተው አሰናበቱን።

ከዚያ ወዲህ ቋጠሮ ያላቸውንና የሌላቸውን ቃላት መልቀም ያዝን። በእናቶቻችን አነጋገር ውስጥ ያገኘነው ከመጻሕፍቱ ይበልጥ ነበር። ዓይናለም የውኃ አገር ነው፤ ከዚህ ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣው ውኃ መቀሌ ከተማን ሲያጠጣ ኖሯል። ሆኖም ቧንቧው ለቀናት ደርቆ ሲመለስ «ውኃ ቀጠለ» የሚል ሰው አልሰማንም። «ውኃ መጣ!» ነው የሚባለው፤ «መብራት መጣ!» እንደሚባለው ሁሉ። «መጣ» ባጭሩ፥ ሄዶ እንደ ነበር ይናገራል። የአየር መንገዱም አውሮፕላን በታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ወደ መቀሌ ተመልሶ ባረፈ ጊዜ፥ በረራው እንደ ገና ተጀመረ ተባለ እንጂ ቀጠለ አልተባለም። ያን ጊዜ የተለያዩ ዘመዶች ስለ ተገናኙበት፥ ቃሉን ማስተካከል አስፈላጊ መሆኑን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

ለማይቋረጠው ነገር ደግሞ ቋንቋችን ምን ያህል ባለጠጋ እንደ ሆነ ስናይ ተደነቅን። አማርኛ ሥራው መቀጠሉን ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ መቀጠሉንም በግሡ ይናገራል። ቀኑን ሙሉ ከሆነ ዋለ፥ እስከ ምሽት ከሆነ አመሸ፥ ሌሊቱን ከሆነ አደረ ይባላል። «ሲዘንብ ዋለ» እና «ሲዘንብ አደረ» በእንግሊዝኛ ቢጻፉ በሁለቱም ውስጥ ያው «ዌንት ኦን» ይገባና ቀንና ሌሊት የሚሉት ቃላት ከኋላ ይከተላሉ፤ በእኛ ግን ግሡ ብቻውን ሰዓቱን ይዞ ይመጣል። ከቀን ሲያልፍ ሰነበተ ይባላል፤ ከሰንበት የወጣ ስለ ሆነ ሰንበት እስኪመጣ መቆየት ነው። አሸንዳን ያሰበ ሰው ይህን ግሥ አይስተውም፤ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶቻችን ሲጨፍሩ ይሰነብታሉ እንጂ ሲጨፍሩ ውለው ብቻ አይገቡም። ክረምቱን ያሳለፈ ከረመ፥ በጋውን ያሳለፈ ባጀ ይባላል፤ ከዚያ ሁሉ በላይ የሆነው ኖረ ነው።

ሰላምታችንም የተሠራው ከእነዚሁ ነው። «እንዴት ዋላችሁ፥ እንዴት አደራችሁ፥ እንዴት ሰነበታችሁ፥ እንዴት ከረማችሁ» ስንል የምንጠይቀው ሰው ካየነው ስንት ጊዜ እንደ ሆነው አስቀድመን ቈጥረን ነው። ትግርኛውም እንዲሁ ነው፤ «ከመይ ውዒልኩም፥ ከመይ ሓዲርኩም፥ ከመይ ቀኒኹም» እንላለን። «ቀነየ» የሚለው ለጥቂት ቀናት መቆየትን የሚያስረዳ ነው። የሁለት ዓመት መለያየት ያሳለፉ ሰዎች ስልክ የተከፈተ ዕለት «እንዴት ሰነበታችሁ» ብለው ሲጀምሩ ቃሉ አንሶባቸው ዝም ሲሉ የሰማን ከመካከላችን አለን። ይህን እንለፈው።

«ዘለቀ» የሚለውም ሊታለፍ አይገባም። መርፌ ጨርቁን ዘለቀ፥ ውኃው ግድግዳውን ዘለቀ እንላለን፤ ከወዲህኛው ጫፍ ገብቶ በወዲያኛው መውጣት ነው። ስለዚህ «ዘላቂ» የሚባለው ነገር እስከ ጫፉ የደረሰ ሊሆን ይገባዋል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት በርእሱ ውስጥ ስለ ዘላቂ ሰላም ይናገራል፤ ቃሉ ያን ያህል ከባድ ነው። «ገፋበት» ደግሞ የጉልበት ቃል ነው፤ ነገሩ በራሱ አይቀጥልም፥ አንድ ሰው ትከሻውን ሰጥቶ ይገፋዋል። እንግሊዞች «ካሪ ኦን» የሚሉትን ስንተረጉም ከ«ቀጠለ» ይልቅ ይህ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መቀጠል ነው። «ጎ ኦን» ግን «ምን እየሆነ ነው?» ለማለትም ስለሚያገለግል ወደዚያኛው ወገን ጥቂት እንሻገር፤ ታሪካችንን ስንጽፍ የተሰናከልነው በሁለቱም ነውና።

ከሁሉ አባት የሚሆነው «ሆነ» ነው። ግእዙና ትግርኛው «ኮነ» ሲሉት፥ የቀድሞ የአማርኛ መጻሕፍት «ኾነ» ብለው ጽፈውታል፤ ከዚያ ድምፁ ሳስቶ «ሆነ» ሆኗል። «ሄደ»ም በዚሁ መንገድ ተጕዟል፤ በግእዝ «ኬደ» ረገጠ ማለት ነው፥ በኋላ «ኼደ» ሆነ፥ ዛሬ «ሄደ» እንለዋለን። አሮጌው ከ ግን ጠፍቶ አልቀረም፤ «ተካሄደ» በሚለው ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ትግርኛው «ከይዱ» እና «ተኻይዱ» ስለሚል ለኛ ለዚህ አገር ልጆች ድብቁ ግልጽ ነው። እንግዲህ እንግሊዝኛው «ሄደ» ከሚለው ቃል «ተደረገ» የሚል ፍቺ ማውጣቱ የሚያስደንቅ አይደለም፤ እኛም ያንኑ አድርገናል። ልዩነቱ «ተካሄደ» ሰው ያዘጋጀውን ብቻ መውደዱ ነው። ስብሰባ ይካሄዳል፥ ውድድር ይካሄዳል፥ ምርጫ ይካሄዳል። «የመሬት መንቀጥቀጥ ተካሄደ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ቢኖር አዘጋጁ ማን እንደ ነበር መጠየቅ ይገባል።

«ተፈጸመ» አደናጋሪ ነው። የብራና መጽሐፍ ሲያልቅ በመጨረሻው «ተፈጸመ» ተብሎ ይጻፋል፤ አለቀ ማለት ነው። ወንጀል ተፈጸመ ሲባል ግን ተደረገ ማለት ነው። የቀብር ሥርዐት ተፈጸመ ሲባል ሁለቱም ነው። «ደረሰ» ለአደጋና ለጉዳት ነው፤ ሠርግ ደረሰ ቢባል ቀኑ ቀረበ ማለት እንጂ ተደረገ ማለት አይሆንም። በዓል ደግሞ «ይውላል»፤ ገና በዚህ ቀን ይውላል እንላለን፤ ያ ቅድም ያየነው «ዋለ» እዚህም ብቅ አለ። ጠብ ይነሣል፥ በሽታ ይገባል።

በብዙ ያከራከረን «ተከሠተ» ነው። በግእዝ «ከሠተ» ማለት ገለጠ፥ የተከደነውን ከፈተ ማለት ነው። ተከስተ ተብለው የሚጠሩ አባቶች በአካባቢያችን ብዙ ናቸው፤ የስማቸው ትርጕም ተገለጠ፥ ታየ ማለት ነው። ስለዚህ ድርቅ ተከሠተ፥ ወረርሽኝ ተከሠተ ማለት ያስኬዳል፤ ማንም ሳይጠራቸው የታዩ ነገሮች ናቸውና። በዛሬ ጊዜ ግን ይህ ቃል ለሁሉም ይታዘዛል። በመጀመሪያው ረቂቃችን ላይ «ጦርነት በመከሠቱ» የሚል ጽፈን ነበር። መልሰን ስናነበው ጦርነቱ እንደ ጉም ከተራራው ላይ የወረደ ይመስላል። ጦርነት ሰዎች የሚያደርጉት ነገር ነው። «ጦርነት በመደረጉ» ብለን ለወጥነው፤ ማን አደረገው የሚለው በትምህርት ቤት መታሰቢያ መጽሔት የሚያልቅ ጉዳይ ባይሆንም፥ ቢያንስ ግሡ አድራጊ እንዳለ ይናገር ብለን ነው። ከመካከላችን ይህ ልዩነት ለጆሮ አይሰማም የሚሉ ዛሬም አሉ።

ይህን ሁሉ ካጠናን በኋላ ያንን በእርሳስ የተከበበ ዓረፍተ ነገር እንደ ገና ከፈትነው። እውነቱን በየዓመቱ ደረደርነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላው ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በሌሎች ክልሎች በየተራ ሲከፈቱ፥ በጥቅምት ወር በትግራይ ጦርነቱ ተጀመረ። እጅግ ብዙ የትግራይ ልጆች እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ መደበኛ ትምህርት ሳያገኙ ቈዩ። «ቀጠለ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ አልፎ እንዲረግጥ አንዳችንም ልንፈቅድለት አልቻልንም።

ሆኖም በክበባችን ውስጥ የተቃወመም ነበር፤ ተቃውሞውም የሚናቅ አልነበረም። «ይህ የደስታ መጽሔት ነው፤ ወላጆች ፎቶግራፍ ሊያዩበት እንጂ ኀዘን ሊያነቡበት አይገዙትም። ደግሞስ በእነዚያ ዓመታት በየቤቱ ታናናሾቹን ያስተማሩ አሉ፤ አሮጌ ደብተር እየገለበጡ ለብቻቸው ያጠኑ አሉ፤ ለእነርሱ ትምህርቱ አልቀጠለም ብትሉ ትበድሏቸዋላችሁ» አለ። ይህን ሲናገር ያች ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የጀመረችው ጓደኛችን ዝም ብላ ቆየችና፥ «እኔም ወንድሜን ፊደል ያስቈጠርሁት ያን ጊዜ ነው» አለች። ስለዚህ ለእነርሱ የሚሆን ግሥ መፈለግ ግድ ሆነብን። «ገፋበት» የሚለውን ያነሣነው በዚህ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤቱ አልቀጠለም፤ ተማሪው ግን የገፋበት አለ።

እንግሊዝኛውን የያዙትም ጓደኞቻችን «ዌንት ኦን» የሚለውን ሰርዘው፥ ለተዘጋበት «ክሎዝድ»፥ ለተከፈተበት «ሪዚዩምድ» ብለው ለሁለት ዓረፍተ ነገር ከፈሉት። የአማርኛው ረዘመ፤ ለጆሮም እንደ መጀመሪያው አያምርም። በመጽሔቱ የታሪክ ገጽ ላይ ታትሞ ታገኙታላችሁ፤ እንዲህ ይላል፤

«ትምህርት ቤታችን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ተዘጋ፤ ጦርነትም በመደረጉ ተዘግቶ ሦስት ክረምት ከረመ። በዚያም ጊዜ በየቤታቸው በትምህርታቸው የገፉበት ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ትምህርቱ እንደ ገና ተጀመረ፤ ሁሉም አልተመለሱም።»

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት የጨመረችው ጓደኛችን ናት። መምህራችን ረቂቁን ሲያርሙ ሌላውን ሁሉ በቀይ ቀለም ነካክተው፥ እነርሱን ግን ሳይነኩ መለሱልን።